የአተሩ ሊቅ በዱባ ማሳ

ዱባ ሰውን ያታልላል። ሴቴ አበባው ብናኝ ካገኘ ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ዱባው መጠኑን ይጨርሳል። ለወጥ የሚፈልገው ሰው በዚያን ቀን ቆርጦ ቢወስደው የሚጎድልበት ነገር የለም። ለዘር የሚፈልገው ገበሬ ግን አብሮት ቢቆርጥ ይከስራል። ዱባው ሲሰነጠቅ ዘሮቹ ለዓይን ሙሉ ይመስላሉ፤ ርዝመታቸውም ስፋታቸውም የደረሰ ዘር ያህላል። ውስጣቸው ግን ገና ውሃ የበዛበት ለጋ ነው። ፀሐይ ላይ ሲሰጡ ይሟሽሻሉ፤ ቢዘሩም ወይ ሳይበቅሉ ይቀራሉ፣ ወይ በቅለው ጉልበት ያጣሉ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ቀድሞ የሚያድገው ዱባው ነው፤ ዘሩ ውስጡን በደንብ የሚሞላው ዱባው ማደጉን ካቆመ በኋላ ነው።

በትምህርት ቤት የባዮሎጂ መጻሕፍት ስሙ ከአተር ጋር የሚነሳ አንድ ኦስትሪያዊ ሊቅ በሸመገለበት ዘመን ፊቱን ያዞረው ወደዚህ አታላይ ተክል ነበር። ኤሪክ ፎን ቼርማክ ይባላል። የግሪጎር ሜንደልን የዘር ውርስ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1900 ከተረሳበት አነሱ ከሚባሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው፤ ሁለቱ ሆላንዳዊው ሁጎ ደ ፍሪስና ጀርመናዊው ካርል ኮረንስ ናቸው። ቼርማክ ከሁለቱ የሚለየው ዋና ሥራው ያደረገው ለገበሬ የሚሆን ዘር ማውጣትን በመሆኑ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቼርማክ የተወለደው ኖቬምበር 15 ቀን 1871 በቪየና ከተማ ነው። አባቱ ጉስታቭ ቼርማክ የታወቀ የማዕድናት ተመራማሪ ነበር። የእናቱ አባት ኤድዋርድ ፌንትስል ደግሞ በቪየና ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ጥናት ፕሮፌሰር ነበር። ከፌንትስል ተማሪዎች መካከል በ1850ዎቹ መጀመሪያ ከብርኖ ገዳም ለትምህርት የመጣ አንድ መነኩሴ ይገኝበታል፤ እሱም ግሪጎር ሜንደል ነው። አያት ያስተማረው ሰው የጻፈውን ሥራ የልጅ ልጅ ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ አውርዶ ለማንበብ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ሜንደል ጥናቱን በ1866 አሳትሞ ነበር። በ1884 ሲሞት ግን የሥራውን ፍሬ ነገር የተረዳለት ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ወጣቱ ቼርማክ በቪየና የግብርና ትምህርት ጀምሮ መሐል ላይ አቋረጠና በጀርመን ሳክሶኒ፣ ፍራይበርግ ከተማ አጠገብ በሚገኝ እርሻ ላይ ሠራ። ከዚያ በሃለ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ቀጥሎ በ1896 የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። ማዕረጉን ይዞ ቢሮ አልገባም። በሽቴንዳልና በክቬድሊንቡርግ የዘር አምራች ድርጅቶች ውስጥ የአትክልትና የአበባ ዘር እንዴት እንደሚመረት እየተማረ ቆየ። ይህ ጊዜ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ብዙ አይወራለትም፤ ለኋላ ሥራው ግን መሠረት የጣለው እሱ ይመስላል። ዘር አምራች ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው በየቀኑ የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፤ ዛሬ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?

በ1898 ወደ ቤልጅየም፣ ጌንት ከተማ ሄደና በዕፅዋት ማዕከሉ ውስጥ በአተር ላይ ሙከራ ጀመረ። ዓላማው የዘር ውርስን ሕግ መፈለግ አልነበረም። ዳርዊን ራሱን በራሱ ያዳቀለ ተክልና ከሌላ ጋር የተዳቀለ ተክል በጉልበት ይለያያሉ ወይ ብሎ የሠራውን ሥራ ተከትሎ፣ ያንኑ በአተር ላይ ለማየት ነበር። በዚያው ዓመት አምስተርዳም ሄዶ ደ ፍሪስን ተዋወቀ። ከዚያ ወደ ቪየና ተመልሶ ያዳቀላቸውን አተሮች ዘር በቪየና አቅራቢያ በሚገኝ እርሻ ላይ ዘራ።

አተርን ማዳቀል ትዕግሥት ይጠይቃል። አበባው ሳይፈታ ይከፈትና ወንዴ ክፍሎቹ በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ ከሌላ ዝርያ የመጣ ብናኝ ይቀባበታል፤ ከዚያ ይሸፈናል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው፤ ይህ መጠበቅ ደግሞ ተራ ነገር አይደለም። ሜንደል ከቆጠራቸው ባሕርያት አንዱ የዘሩ ቀለም ነበር፤ ቢጫና አረንጓዴ። እንግዲህ እሸት አተር ሁሉ አረንጓዴ ነው። ቢጫ የሚሆነውም አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረውም የሚለየው ሲደርስ ብቻ ነው። ክብና የተጨማደደ ዘርም እንዲሁ ነው፤ ጭምድድነቱ ጎልቶ የሚወጣው ዘሩ ደርሶ ሲደርቅ ነው። ሜንደል በሁለተኛው ትውልድ 6022 ቢጫና 2001 አረንጓዴ፣ 5474 ክብና 1850 የተጨማደደ ዘር የቆጠረው፣ ሦስት ለአንድ የሚለውም ስሌት የታየው፣ አተሩ ተክሉ ላይ እንዲደርስ ስለተተወ ነው። እሸቱን የለቀመ ሰው ቢቆጥር አንድ ቀለም ብቻ ባየ ነበር።

ቼርማክም በቆጠራው ውስጥ ይህንኑ መጠን አገኘ። በ1899 መጸው ላይ ስለ ድቅል ዕፅዋት የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ሲያገላብጥ የሜንደል ስም ገጠመው፤ ጽሑፉን ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አስመጥቶ አነበበው። አዲስ የመሰለው ግኝት ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀድሞ መታተሙን ያየው ያኔ ነው። ለመምህርነት ብቃት የሚያበቃውን ጽሑፉን በጃንዋሪ 1900 አስገባ። በዚያው ጸደይ የደ ፍሪስ ጽሑፍ ቅጂ በፖስታ ደረሰው፤ የኮረንስም ወዲያው ተከተለ። ቼርማክ ተደናግጦ የራሱን አጭር ጽሑፍ አጣድፎ ላከ፤ በበርሊን በሚታተመው የጀርመን የዕፅዋት ጥናት ማኅበር መጽሔት ላይ ወጣለት። ዕድሜው ገና 28 ዓመት ነበር።

ይህ ጥድፊያ ዋጋ ሳያስከፍለው አልቀረም። ከጊዜ በኋላ የተነሱ የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎች ያን ጊዜ ያሳተማቸውን ጽሑፎች መርምረው፣ መጠኑን ቢያይም የሕጉን ምክንያት ገና በደንብ አልተረዳውም ሲሉ ተከራክረዋል። ስለዚህ ሜንደልን መልሰው ካገኙት ሰዎች መካከል ሊቆጠር አይገባም የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ይህ ፍርድ ይከብዳል ይላሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ሕጉ ለዘር ሥራ ምን እንደሚጠቅም ከሦስቱ ቀድሞ የገባው እሱ ነው ማለት ስህተት አይሆንም። ደ ፍሪስና ኮረንስ ስለ ሕጉ ሲጽፉ ቼርማክ ሕጉን ይዞ ወደ ማሳ ወረደ።

በቪየና የግብርና ከፍተኛ ትምህርት ተቋም አስተማሪ ሆነ፤ በ1906 ፕሮፌሰር፣ በ1909 ደግሞ ባለ ሙሉ ማዕረግ ፕሮፌሰር ተባለ። ከቪየና በስተምሥራቅ ባለው ሜዳማ አገር አጃና ገብስ እየመረጠና እያዳቀለ ለገበሬው አበረከተ። የስንዴና የዱር ዘመዱ ድቅል ዘር አልሰጥ ብሎ መካን ሲሆን ያስቸግር ነበር። ቼርማክ ከሥራ ባልደረባው ሁበርት ብላየር ጋር ሆኖ በ1926 ዘር የሚሰጥ ድቅል መገኘቱን አሳተመ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ብቻ ስሙ በኖረ ነበር።

ዱባ የገባው በኋላ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ኦስትሪያ ስቲሪያ የሚባል ኮረብታማ አገር አለ። ዱባ ከአሜሪካ ምድር ወደ አውሮፓ ከተሻገረ በኋላ የስቲሪያ ገበሬዎች ዘሩን እየጨመቁ ዘይት ማውጣት ለመዱ። ዘይቱ ወፍራምና ጥቁር አረንጓዴ ነው። ሥጋውን አሳማ ይበላዋል፤ ሰው የሚፈልገው ዘሩን ነው። ችግሩ ቅርፊቱ ነበር። እንጨት መሳይ ነጭ ቅርፊቱን አንድ በአንድ በእጅ ካልፈለፈሉት ዘይቱን ይመጥባቸዋል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ግን በዚያው አገር ማሳ ላይ ቅርፊት አልባ ዘር ያለው ዱባ ብቅ አለ። ማንም አላዳቀለውም፤ በተፈጥሮ የመጣ ለውጥ ነው። በቅርፊቱ ፋንታ ዘሩን የሚሸፍነው ስስ ገለፈት ብቻ ስለነበር አረንጓዴው ውስጡ ፊት ለፊት ይታያል። ገበሬዎቹ ይህን ዘር እየለዩ መዝራት ጀመሩ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ኦስትሪያ ከትልቅ ንጉሣዊ ግዛት ወደ ትንሽ አገርነት ወርዳ ነበር። ቪየና በጦርነቱ ዓመታት ስብና ዘይት አጥታ በረሃብ ተቀጥታለች። ስለዚህ በአገር ውስጥ የሚበቅል የዘይት ሰብል ቀልድ አልነበረም። ቼርማክ ቅርፊት አልባውን ዱባ የምርምር ሥራው አድርጎ ያዘው፤ በ1934 በቪየና የግብርና ጋዜጣ ላይ ትኩረት የሚገባው የዘይት ሰብል መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። ስሙን የያዘ ቅርፊት አልባ የዘይት ዱባ ዝርያም ከእሱ ሥራ ተገኘ። ያን ጊዜ ከስልሳ ዓመት አልፎት ነበር።

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው፣ ዱባና አተርም ለየቅል ናቸው። አተር ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባው ተለያይቶ በአንድ ሐረግ ላይ ይወጣል፤ ብናኙን የምታመላልሰው ንብ ናት። አበባው ጎሕ ሲቀድ ይፈታል፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ይከደናል፤ በሚቀጥለው ቀን አይደገምም። ስለዚህ ዱባ የሚያዳቅል ሰው ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ማሳ ውስጥ ነው። በማግስቱ የሚፈቱትን ወንዴና ሴቴ አበቦች ጫፋቸውን በክር ያስራል፤ ማለዳ ይፈታቸውና የወንዴውን ብናኝ በሴቴዋ ላይ ያራግፋል፤ መልሶ ያስራታል። ከዚያ ቀኑን የጻፈበትን ምልክት እዘንጉ ላይ ያንጠለጥላል። ይህች ምልክት ከሁሉም ትበልጣለች፤ የመቁረጫው ቀን የሚቆጠረው ከእሷ ነውና።

ሁለተኛው ልዩነት ይበልጥ ይከብዳል። የአተር ዘር ቀለም የሚታየው በዘሩ በራሱ ነው፤ የዘንድሮ ድቀላ ውጤት በዘንድሮው ቆባ ውስጥ ይነበባል። የዱባ ዘር ቅርፊት ግን የእናቲቱ ተክል አካል ነው። ቅርፊት አልባ ዱባ ከጎረቤት ማሳ በመጣ ባለ ቅርፊት ዱባ ብናኝ ብትዳቀል፣ የዘንድሮው ዘሯ ያው ቅርፊት አልባ ሆኖ ይወጣል። ገበሬው ምንም አይጠረጥርም። ጉዱ የሚወጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ከዚያ ዘር የበቀሉት ተክሎች ባለ ቅርፊት ዘር ያዘሉ ዱባዎች ይሰጡታል። ከቼርማክ በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም እንዳረጋገጡት ቅርፊት አልባነትን በዋናነት የሚወስነው አንድ ተደባቂ ዘረ መል ነው፤ ሌሎች ትናንሽ ዘረ መሎች የገለፈቱን ውፍረት ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። በዚህ ምክንያት አዳቃዩ መጀመሪያ ያዳቅላል፤ በሁለተኛው ክረምተ በጋ ሁሉም ተክሎች ባለ ቅርፊት ሆነው ያገኛቸዋል፤ ከእነሱ በራሳቸው ተዳቅሎ የተገኘውን ዘር በሦስተኛው ዓመት ሲዘራ ከአራት ተክል አንዱ ገደማ ቅርፊት አልባ ይሆናል። በአተር በሁለት ዓመት የሚታየው በዱባ ሦስት ዓመት ይፈጃል።

ሦስት ዓመት የሚፈጅ ሥራ በአንድ ቀን ችኮላ ሊበላሽ ይችላል። ምልክት ከተንጠለጠለላት ዱባ ውስጥ ያለው ዘር ሳይደርስ ከተቆረጠና ካልበቀለ ዓመቱ ሙሉ ጠፋ ማለት ነው። ኦስትሪያ በዓመት ሁለቴ የሚዘራባት አገር አይደለችም። ዱባ ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ላይ ይዘራል፤ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ያብባል፤ ጥቅምት ላይ ውርጭ ይመጣል። ዘሩ በደንብ የሚሞላው ከድቀላው በኋላ ከ45 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የያዘች ዱባ ጊዜ አላት፤ በነሐሴ መጨረሻ የያዘችው ግን ውርጭ ቀድሟት ሊገኝ ይችላል። ለዘር የሚሆነው ከሐረጉ ላይ ቀድሞ የያዘው ዱባ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ቀን ቆጠራው ብቻውን አይበቃም፤ ዓመት ከዓመት ይለያያል። ስለዚህ ዓይንና እጅ ይጨመሩበታል። የዘይት ዱባ ሲደርስ አረንጓዴው ልጣጭ ወደ ቢጫና ብርቱካን ይዞራል፤ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ዥጉርጉር ይቀራል። ዘንጉ እርጥበቱን ጨርሶ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ጥፍር ቢጫኑት ልጣጩ አይበሳም። አንዱን ለሙከራ ሰንጥቆ ማየትም አለ፤ የደረሰ ዘር ከሥጋው በቀላሉ ይላቀቃል፣ ጮርቃው ግን ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ይጎተታል። ጮርቃ ዘር ለዘይትም ቢሆን አይረባም፤ ዘይቱ የሚጠራቀመው ሽሉ ሲሞላ ስለሆነ ከቀላል ዘር የሚጨመቀው ትንሽ ነው።

ከተቆረጠ በኋላም ሥራው አላለቀም። ዱባው ሳይሰነጠቅ ነፋስ በሚገባበት ደረቅ ጥላ ሥር ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ቢያርፍ ዘሩ ከሥጋው ምግብ መሳቡን ይቀጥላል። ትንሽ ቀደም ብሎ የተቆረጠ ዱባ በዚህ ዕረፍት ይካሳል። ገና በወሩ የተቆረጠን ግን ዕረፍቱ ሙሉ በሙሉ አያድነውም። በቅርፊት አልባው ዱባ ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ከልክ በላይ ከቆየና ሙቀት ካገኘ ዘሩ እዚያው ዱባው ሆድ ውስጥ መብቀል ይጀምራል። ባለ ቅርፊቱ ዘር የሚታገሠውን ቆይታ ይኼኛው አይታገሥም። ስለዚህ የጊዜው በር በሁለቱም በኩል ጠባብ ነው፤ መቸኮሉም መዘግየቱም ያከስራል።

ቅርፊት ማጣቱ ለዘይት ጨማቂው በረከት፣ ለዘር አምራቹ ግን ፈተና ሆነ ማለት ነው። ቅርፊት የዘር ጋሻ ነበር። ጋሻ የሌለው ዘር ሲወጣ በምላጭ ወይም በማንኪያ ይጫራል፣ ይሰበራል፤ ቀዝቃዛና ውሃ የቋጠረ አፈር ላይ ሲዘራ በሻጋታ ይበላሻል። በዚህ ላይ ያልደረሰ ከሆነ የመብቀል ዕድሉ ፈጽሞ ይመነምናል። እንዲህ ያለውን ዝርያ ለገበሬ መስጠት የሚቻለው ዘሩ በትክክለኛው ቀን እንዲቆረጥ አብሮ ማስተማር ከተቻለ ብቻ ነው።

በስቲሪያ መንደሮች አዝመራው የመስከረምና የጥቅምት ሥራ ነበር። ዱባው ከማሳ ተጭኖ ጊቢ ውስጥ ይከመራል። ማታ ማታ ጎረቤት እንደ ደቦ ይጠራራና ዱባውን እየሰነጠቀ ዘሩን በእጁ ያወጣል። ዘሩ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ስስ ተደርጎ ይሰጣል፤ ክምር ላይ ካደረ ይሞቃል፣ ይሻግታል። ለዘይት የሚሄደው በጠንካራ ሙቀት ቢደርቅ አይጎዳም፤ በኋላ ተፈጭቶ ከውሃና ከጨው ጋር ተለውሶ ይቆላልና። ለዘር የሚቀመጠው ግን ሽሉ በሕይወት መቆየት ስላለበት ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልበለጠ ሙቀት ነው የሚያስፈልገው፤ እርጥበቱ ከ8 በመቶ በታች ሲወርድ ይከማቻል። ሁለቱን በአንድ ምድጃ ላይ አድርቆ በጸደይ የማይበቅል ዘር የያዘ ገበሬ በየአገሩ አይጠፋም።

ቼርማክ ረጅም ዕድሜ ታደለ። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አልፎ የሕይወት ታሪኩን ራሱ ጽፎ በ1958 አሳተመ፤ ያኔ 86 ዓመቱ ነበር። ራሱን ያቀረበው በኦስትሪያዊ የዕፅዋት አዳቃይነቱ ነው። ከሦስቱ ሰዎች የመጨረሻው ሆኖ ኮረንስ በ1933፣ ደ ፍሪስ በ1935 ሲሞቱ አይቷል። እሱ ያረፈው ኦክቶበር 11 ቀን 1962 ቪየና ውስጥ ነው፤ 91ኛ ዓመቱን ሊደፍን አንድ ወር ገደማ ቀርቶት ነበር።

ዛሬ በስቲሪያ ዱባውን እየገፋ መስመር የሚያስይዝና እየፈጨ ዘሩን የሚለይ ማሽን ማሳ ላይ ይሄዳል፤ የማታው ደቦ የቀረው ለበዓል ነው። የዱባ ዘይቱ ከ1996 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የአካባቢ ስም ጥበቃ አለው። ማሽኑ ግን የደረሰውን ካልደረሰው አይለይም፤ ሁሉንም አብሮ ነው የሚፈጨው። ማሽኑ ማሳ ከመግባቱ በፊት ገበሬው በመስመሩ መሐል እየዞረ ዘንጉን ይዳብሳል፣ አንድ ሁለት ዱባ ሰንጥቆ ዘሩን በጣቱ ያላቅቃል፤ እንቢ ካለው ማሽኑን አቁሞ ሌላ ሳምንት ይጠብቃል።